ልብ ወለድ በቅርጫ

በአገሩ መሐንዲስ የነበረ ሰው እዚህ ሆላንድ መጥቶ ቢሮ ሲጠርግ አይቻለሁ። እኔ የሄድኩት በተቃራኒው ነው። አገሬ ሳለሁ እንኳን ምክር ሰዓት የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም፤ ዴንሃግ ከገባሁ በኋላ ግን የመጽሐፍ አማካሪ ሆንኩ። የሾመኝ የለም፤ ራሴን ነው የሾምኩት። ቀን ቀን ራይስዋይክ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ፖስታ ስለይ እውላለሁ፤ ከዚያ በተረፈው ሰዓት አበሻ ባገኘሁበት ቦታ ሁሉ፣ ትራም ላይም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ «እሱን መጽሐፍ ሳታነብ ነው ሰው ነኝ ብለህ የምትዞረው?» እላለሁ።

የምመክረው አንድ ዓይነት መጽሐፍ ብቻ ነው፤ ሰው የሚሞትበትን። ፍቅር ያለበትን ባለቤቴ ታንብብ፤ ታሪክ ያለበትን የተማሩት ይጣሉበት። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች በአንዱ ሬሳ ካልወደቀልኝ ደራሲው ያታለለኝ ይመስለኛል።

አመካከሬ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ቀጥሎ ግራ ቀኙን እቃኛለሁ፤ ገዳዩ ከኋላችን ተቀምጦ የሚያዳምጥ ይመስል። ከዚያ፣ «መጨረሻውን ብነግርህ አታምነኝም» እላለሁ። እዚህ ላይ አቆማለሁ። የማቆመው ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻውን እኔም አላውቀውም። ያነበብኩትን ብቻ ልምከር ብልማ ገና ድሮ ሥራ ፈት በሆንኩ። በዚያ ዘመን የአማርኛ መጽሐፍ ሆላንድ የሚገባው አንድ ሰው አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ነው፤ እሱም ከሽሮና ከበርበሬ ቦታ ከተረፈ። ከአገር ሲመለስ በርበሬ የረሳ ሰው ትዳሩ ይናወጣል፤ መጽሐፍ ከረሳ የምናወጠው እኔ ብቻ ነኝ።

ያ መጽሐፍ የመጣው ከበርበሬ ጋር ነው። መንገድ ላይ ፌስታሉ ፈንድቶ ይሁን ወይም ሻንጣ ጫኚዎቹ ቆመውበት እንጃ፣ ሽፋኑና የፊት ገጾቹ ተበልተው ተበልተው አልቀዋል። ርእሱን የሚያውቅ የለም፤ የደራሲውን ስም የሚያውቅ የለም። ያመጣችው ልጅ ሮተርዳም ከቅዳሴ በኋላ በምንሰበሰብበት አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ ጣለችውና፣ «ሰው የሚገደልበት ነው፤ እኔ እንደሱ ያለ ነገር አልወድም» ብላ ሄደች። እኔ ቀዩን ጥራዝ ገና ከሩቅ እንዳየሁት፣ «ይኼንማ አዲስ አበባ እያለሁ አንብቤዋለሁ! ይኼ መጽሐፍ እንቅልፍ ይነሳል!» አልኩ።

«ርእሱ ማነው?» አለኝ ይልማ። ይልማ ሮተርዳም ወደብ ላይ የሚሠራ፣ አንገት የሚባል ነገር ያልተፈጠረለት ጓደኛዬ ነው።

«ርእሱን ከነገርኩህ ገዳዩን ታውቀዋለህ» አልኩት።

እንዲህ አድርጌ መክሬው ሲያበቃ መጽሐፉን የማይፈልግ ጠፋ። አንዱ በዕድሜ ተራ ይነበብ አለ፤ አንዱ በፊደል ተራ። እትዬ ዘነበች ተነሡ። እትዬ ዘነበች አምስተርዳም ሆቴል ውስጥ አልጋ የሚያነጥፉ፣ ንግግር ሲጀምሩ ሻርፓቸውን የሚያጠብቁ ሴት ናቸው። «በፊደል ተራማ ዘ እስኪደርስ እኔ ራሴ ሟች እሆናለሁ» አሉ። ነገሩ ወደ ጠብ ሲያደላ ለእኔ ክፉ ቀን የሚያመጣው ብልሃት መጣልኝ።

«ቅርጫ!» አልኩ።

አዳራሹ አጨበጨበ። እውነትም በሬ ተካፍሎ የኖረ ሕዝብ አንድ መጽሐፍ ያቅተዋል? የዳቦ ቢላ ከወጥ ቤት መጣ። ይልማ እጅጌውን ሰብስቦ ጥራዙን ከጀርባው ሦስት ቦታ አወራረደው፤ በርበሬው ቦነነና ሰው ሁሉ አስነጠሰ። ሦስት መደብ ተደረገ። እንደ ደንቡም ወደ ዕጣ ሄድን፤ ለዴንሃግ እኔ የቤቴን ቁልፍ፣ ለሮተርዳም ይልማ የሥራ ጓንቱን፣ ለአምስተርዳም እትዬ ዘነበች የትራም ትኬታቸውን ሰጠን። ወጥ ቤት ሰሃን ታጥብ የነበረች ሴት፣ ምንም ያላየች፣ ተጠርታ በየመደቡ ላይ ጣለችልን።

ራሱ ለሮተርዳም፣ ሆድ ዕቃው ለዴንሃግ፣ ጭራው ለአምስተርዳም ደረሰ።

ማንም ቅር አላለውም። «ዕጣ የእግዜር ነው» ተባብለን ተመራርቀን ተለያየን። ሰው ሻኛውን ትቶ ከታፋው ቢጀምር ሆዱ አይቆጣውም፤ መጽሐፍ ግን መጀመሪያ የሚባል ነገር እንዳለው ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ያስታወሰ አልነበረም። እኔ ያስታወስኩት ትራም ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሆድ ዕቃውን ይዤ ሆላንድስ ስፖር ጣቢያን አልፌ ነበር።

አሁን አቦይ መሐሪን ላስተዋውቃችሁ። ስኪልደርስዋይክ ሰፈር በምንኖርበት ሕንጻ ከኛ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራሉ። የአስመራ ሰው ናቸው፤ ግን ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ስለጨረሱት አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። እዚህ ከመጡ በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የመስታወት ቤት ቲማቲም ሲለቅሙ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የወንጀል ልብ ወለድ ነፍሳቸው ነው። ችግሩ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው ነበር፤ ደራሲ ቢመጣላቸው ጥላውን እንጂ ፊቱን አያዩም። የተሻለውን ዓይን ሊሠሩላቸው ሆስፒታሉ ቀን ሰጥቷቸው ነበር። ያን ቀጠሮ፣ እኛ አፍስፕራክ የምንለውን፣ ለማግኘት የጠበቁት ጊዜ አንድ ልጅ ወልዶ ለማስተማር ይበቃል።

«ዓይኔ እስኪሠራ አንተ እያነበብክ አሰማኝ» አሉኝ።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ግራ ቀኙን አይቼ፣ «አቦይ፣ ‹ይኼን መጽሐፍ ሳልሰማ ሞቼ ቢሆን ኖሮ!› ነው የሚሉት» አልኳቸው። ተቀመጥን። የደረሰኝን የመጀመሪያ ገጽ ገለጥኩ። እንዲህ ይላል፦ «አለና መብራቱን አጠፋው።»

«ማነው ያለው?» አሉ አቦይ።

አላውቅም። የተናገረው ሮተርዳም ቀርቷል። እውነቱን እንዳልናገር ደግሞ አንብቤዋለሁ ብያለሁ። አንድ ሰው ሲጨንቀው ወይ ይጸልያል ወይ ይፈጥራል፤ እኔ ለጸሎት ጊዜ አልነበረኝም።

«ዘበኛው» አልኩ።

«ዘበኛ አለ እንዴ?»

«ምን ማለትዎ ነው አቦይ! ዘበኛ የሌለው ቪላ አይተው ያውቃሉ?»

«ልክ ነህ» አሉና ተደላድለው ተቀመጡ። «ይኼ ሰው አላማረኝም። ቀጥል።»

ቀጠልኩ። ግን ዘበኛ አንዴ ከተቀጠረ ማባረር ከባድ ነው። ገጽ በገለጥኩ ቁጥር፣ «ዘበኛውስ?» ይላሉ። መጽሐፉ ስለ ሟቹ ሚስት ይላል፣ ስለ ወንድሙ ይላል፣ ስለ አንድ ቀጭን ጠበቃ ይላል፤ ስለ ዘበኛ ትንፍሽ አይልም። እኔ ምን ላድርግ? ጠበቃው ሲወጣ ዘበኛውን በር ላይ አቆምኩት። ሚስትየዋ ስታለቅስ ዘበኛው በመስኮት ሲያይ አሳለፍኩት። ካፖርት አለበስኩት፤ ግራ እግሩን እንዲጎትት አደረግኩት፤ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠለጠልኩለት። ፊሽካውን የማይነፋው ለምንድነው ብለው አቦይ ሲጠይቁኝ እኔም ራሴን መጠየቅ ጀመርኩ። ባለቤቴ አንድ ቀን ከታች ሆና ሰምታኝ፣ «የደራሲው ድምፅ ያንተን ይመስላል» አለችኝ። ከሥራ ስመለስ ደረጃ ላይ፣ ዛሬ ዘበኛውን የት ላስገባው እያልኩ ስወጣ ግራ እግሬን እየጎተትኩ ራሴን አገኘሁት።

የአቦይ የቀጠሮ ቀን ደረሰ። ሆስፒታል ገቡ፤ ዓይናቸው ከመሠራቱ በፊት የደም ግፊታቸው ሲለካ ጣሪያ ነክቶ ተገኘ። ሐኪሙ እንዲህ እንደሆነ ዓይን አልከፍትም ብሎ መለሳቸው። ሌላ ቀን ተሰጣቸው፤ ያኔም ግፊቱ ካልወረደ ከተራው መጨረሻ ተመልሰው እንደሚሰለፉ ተነገራቸው።

ማታውኑ በሬ ተንኳኳ። ሰናይት ናት፣ የአቦይ ልጅ። እዚህ ስላደገች አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም፤ አባቷንም፣ እኔንም፣ የንግሥቲቱን ባለቤት ብታገኘውም አንተ ነው የምትለው።

«አንተ ነህ አባቴን የምታሳምመው?»

«እኔ ምን አደረግኩ ሰናይት?»

«ሐኪሙ ምን ያስጨንቅሃል ሲለው ምን አለ መሰለህ? ‹ዘበኛው› አለ! እኔ ደግሞ ማስተርጎም አለብኝ። ‹የቱ ዘበኛ?› ይለኛል ሐኪሙ። ማነው ዘበኛው?»

«የመጽሐፍ ሰው ነው።»

«ታዲያ ጨርሰህ ንገረውና ይረፍ!»

«መጨረሻው አምስተርዳም ነው።»

ሰናይት ይኼን በደች ለራሷ ደግማ አለችው፤ በደችም ትርጉም አልሰጣትም። ከዚያ ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ቀጠሮው ሐሙስ ከሰዓት ነው። መጨረሻውን ሳትይዝ ደጃችን እንዳትደርስ። አባቴ በድጋሚ ከተመለሰ አንተን ነው ዓይንህን የማወጣው» ብላ ወጣች። እዚህ ያደጉ ልጆች ከአማርኛ የሚቀርባቸው አንቱታ ብቻ ነው፤ እርግማኑን ሳያስቀሩ ነው የሚወርሱት።

እትዬ ዘነበች ጋ ደወልኩ። «በፖስታ ይላኩልኝ» ብላቸው፣ «የበሬ ጭራ በፖስታ ሲላክ አይተህ ታውቃለህ? ሆድ ዕቃውን ይዘህ ና፤ ሐሙስ ጠዋት ሥራ የለኝም» አሉ።

ሐሙስ ጠዋት አምስተርዳም በራቸው ላይ ቆምኩ። በሩን ከፈቱ፤ እንደምን አደርክ የለ፣ ግባ የለ።

«ሟቹ ማነው?»

«እንዴት አደሩ እትዬ ዘነበች።»

«ገዳዩን ካወቅኩት ስንት ጊዜዬ! ማንን እንደገደለ የሚነግረኝ ነው ያጣሁት። አንሶላ እያነጠፍኩ፣ ‹ማን ይሆን ምስኪኑ?› እላለሁ። አብራኝ የምትሠራው ሱሪናሜዋ ሰው የሞተብኝ መስሏት አበባ አመጣችልኝ። ንገረኝ!»

«ነጋዴ ነው። ባለ ቪላ።»

ሻርፓቸውን ጠበቅ አደረጉ። «ነጋዴ? ነጋዴ ነው እንዴ?» አሉና ከንፈራቸውን መጠጡ። «እኔስ ልጅ እግር ነገር መስሎኝ ነበር ያን ያህል ያዘንኩት።»

በር ላይ እንደቆምን ተለዋወጥን፤ ሆድ ዕቃውን ሰጥቼ ጭራውን ተቀበልኩ። ልሰናበት ስል፣ «ግን እዚያ የእርስዎ ውስጥ» ብዬ ጀመርኩ፤ «ዘበኛ አለ?» ልል ነበር። ዋጥኩት። ባቡር ውስጥ ራሴ ባየው ይሻላል።

ኢንተርሲቲው ላይ ተቀምጬ ጭራውን ገለጥኩ። ሐሳቤ ቀላል ነው፤ መጨረሻውን አነባለሁ፣ ዘበኛውን የማሰናብትበት ቀዳዳ እፈልጋለሁ፣ ለአቦይ በሁለት ቃል ነግሬ ግፊታቸውን አወርዳለሁ። ስጀምር አንድ ነገር ደረሰብኝ፤ መጽሐፉ እውነትም ጥሩ ነበር። ለስንት ሰው፣ «እንቅልፍ ይነሳል» ያልኩለት መጽሐፍ እውነትም የሚነሳ ሆኖ ሲገኝ ደነገጥኩ። ላይደን አለፈ፤ ጠበቃው ቁልፉን ደበቀ። አንድ ጣቢያ መጣ፤ ሚስትየዋ ስልኩን አነሣች። ገዳዩ ላይ ስደርስ፣ «አንተ ነህ!» ብዬ ብድግ አልኩ። ፊት ለፊቴ ሹራብ ትሠራ የነበረች አሮጊት ኪሮሿን ይዛ ወደ ሌላ ፉርጎ ተዛወረች። ቀና ስል በመስኮት የሚታየኝ ሆላንድስ ስፖር አይደለም፤ የሮተርዳም ድልድይ ነው።

በሚቀጥለው ባቡር ወደ ኋላ፣ ከባቡሩ ወደ ትራም፣ ከትራሙ በሩጫ ሆስፒታል ደረስኩ። በእጄ ያለው የበርበሬ ወረቀት በላብ ርሶ መዳፌን ቀይ አድርጎታል፤ በር ላይ የነበረው ሰው ድንገተኛ ክፍሉን ጠቆመኝ። ሰናይትን ኮሪደር ላይ አገኘኋት።

«ቆይ፣ ቆይ፣ መጣሁ፣ ይዤዋለሁ» አልኩ እያለከለክኩ።

«ለክተውታል።»

«እና?»

«ደህና ነው። ወርዷል።»

«እንዴት ወረደ?»

«አንተ ሳምንቱን ሙሉ አልመጣህማ» አለች። እንዲህ ያለ ነገር ሲናገሩ ትንሽ ማለሳለስም አንቱታ ውስጥ ያለ ሙያ ነው፤ አብሮ ቀርቶባታል።

አቦይ ባለ ጎማ አልጋ ላይ ናቸው፤ ዓይናቸው ላይ ጠብታ አድርገውላቸዋል። ቢያንስ የምጽናናበት አንድ ነገር ልሥራ ብዬ ጠጋ አልኩ። «አቦይ፣ ገዳዩ»

«አንተ! ዝም በል!» ብለው ግማሽ ተነሡ። «ዓይኔን የማስቀድደው ያንተን አፍ ለማየት መሰለህ? ራሴ ነው የማነበው። አንዲት ቃል ተንፍስና አልጋውን ላስመልሰው!»

ነርሷ መጣች፤ እሳቸውን ትታ እኔን አየችኝ። ፊቴ ምን እንደሚመስል እንጃ፤ ወንበር ላይ አስቀምጣ ክንዴን አሰረችና ግፊቴን ለካች። «ሩስታኽ፣ ምኒር» አለችኝ፤ ረጋ በሉ ማለቷ ነው። ግፊቱ ከአቦይ ወርዶ ቀጥታ እኔ ላይ ነው የወጣው። ምክንያቱን ማን ያስተርጉምልኝ? አቦይ ራሳቸው ሊያነቡ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ዘበኛውን እየፈለጉ።

ዓይናቸው ተሠራ፤ ደህናም ሆነ። ከዚያ ያለውን ጊዜ እኔ ደረጃ ስወጣ በጫማዬ ጫፍ ነው። ሦስቱ መደቦች ዞረው ዞረው ሮተርዳም ተገናኙ፤ ይልማ በዕቃ ማሰሪያ ገመድ ሰፍቶ አንድ አደረጋቸውና ለአቦይ ተሰጠ። ሰናይት እያንዳንዱን ገጽ በረጠበ ጨርቅ ጠረገችላቸው። ከጣሪያችን በላይ ገጽ ሲገለጥ ይሰማኝ ነበር ብል ባለቤቴ ትስቃለች፤ ግን ይሰማኝ ነበር።

አንድ እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ አቦይ መነጽራቸውን አድርገው፣ መጽሐፉን ብብታቸው ውስጥ ይዘው ገቡ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና አዳራሹን በአዲስ ዓይናቸው አንድ በአንድ ቃኙት።

«ዘበኛው ያለበትን ገጽ ቀዶ ያስቀረው ማነው?» አሉ።

እኔ ወዲያው የዳቦ ቁራሽ ጎረስኩ፤ አፍ የሞላበት ሰው አይጠየቅም።

«የትኛው ዘበኛ?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ካፖርት የለበሰው። ግራ እግሩን የሚጎትተው። ፊሽካ ያለው።»

«አምስተርዳም እንደሱ ያለ ሰው አልደረሰንም። ያለ እንደሆነ ሮተርዳም ነው ያለው። ቢላውን የያዘው ማን ነበር?»

ይልማ ተቆጣ። «እኔ አንዲት ገጽ አላጎደልኩም! ዘበኛውማ እኔ ጋ ነበር» አለ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «እንዴት የመሰለ ሰው! ፊሽካውን የነፋበት ቦታማ ያስለቅሳል። ወደ እናንተ ሲሄድ ደህና ነበር፤ እናንተ ናችሁ ያጠፋችሁት!»

«ሳታነብ አትቅጠፍ!» አሉት እትዬ ዘነበች።

«አንብቤዋለሁ!»

ከጥግ አንዱ፣ እሱም አንብቤዋለሁ የሚል፣ የተጎተተው ቀኝ እግሩ ነው ብሎ ተከራከረ። ሌላው የዘበኛውን የትውልድ አገር ነገረን። አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ፤ ዘበኛው ንጹሕ ነው የሚሉና አይደለም የሚሉ። መጽሐፍ አማካሪ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር የኖርኩት፤ ለካ ሦስት ከተማ ሙሉ ባልደረባ ነበረኝ።

ጫጫታው ሲደራ አቦይ ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡ። ፊታቸው እንደ ዳኛ ጭምት ነው። የጎረስኩትን ዳቦ እስክውጥ ጠበቁኝ።

«ሰማሃቸው?» አሉ በዝግታ።

«ሰማሁ አቦይ።»

«መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። አንዴ ገዳዩን ስፈልግ፣ አንዴ ዘበኛውን ስፈልግ። ገዳዩን አገኘሁት።»

ሌላ ቁራሽ ዳቦ ልጎርስ እጄን ሰደድኩ።

«መጽሐፉ ጥሩ ነው» አሉ። «ልክ እንደመከርከኝ ነው። አልቋል፤ ጨርሼዋለሁ። ዘበኛው ግን አላለቀም።»

«አቦይ፣ እኔ»

«ፊሽካውን ለምን እንዳልነፋ አልነገርከኝም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ና።» ተነሡና መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ሰናይት የግፊት መለኪያ ገዝታልኛለች። ክንዴ ላይ አስሬ ነው የምሰማህ።»